ግማሹ የተቀባ ጦር፦ ስለጠፋው የመቀባት ፍላጎት የተደረገ ውይይት

ክሩን፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር ምላሾች የሚደረደሩበትን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተው ሰው ያነሳው ጥያቄ አጭር ቢመስልም ብዙ ነገር የያዘ ነበር። ጠያቂው ለጦር ጨዋታ የሚሆኑ ጥቃቅን ምስሎችን ለዓመታት ሲሰበስብና ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። አሁን 60 እግረኛ ወታደሮች ተገጣጥመው፣ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚረጭ ቅብ) ተረጭቶባቸው፣ ከፊሎቹም የመጀመሪያውን ቅብ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ መቀመጥ አቅቶታል። ጨዋታውን አልጠላም፣ አዲስ ምስል ሲወጣ ማየትና መግዛትም እንደ ድሮው ያስደስተዋል፤ የጠፋው ብሩሽ የማንሳት ፍላጎት ብቻ ነው። ስንፍና ይሁን መሰልቸት መለየት እንዳቃተው ገልጾ፣ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው እንዴት እንደተወጣው ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ አቋም ጨመረ፦ ባልተቀባ ጦር መጫወት ተጋጣሚን መናቅ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ሳይቀቡ መጫወትን ማንም በመፍትሔነት እንዳያቀርብለት አሳሰበ። ክሩን እስከ 25ኛው ምላሽ ያስረዘመችው ይህች ማሳሰቢያ ሳትሆን አትቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምላሾች በትሕትና የተጻፉ ናቸው። 1ኛው መላሽ ዕረፍትን መከረ፤ ምስሎቹን በሣጥን ከትቶ ከዓይን ማራቅ፣ እስኪናፍቁት ድረስ ደግሞ መጫወት ብቻ። 2ኛው በዕረፍቱ ተስማምቶ ምክንያቱን አጠናከረ። በእሱ አስተያየት ተጀምሮ የቀረ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ሲከማች፣ ባለቤቱን ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሚጠይቅ ዕዳ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ አበዳሪውን ሲያይ መንገድ መቀየሩ ያለ ነው። ስለዚህ ምስሎቹን መደበቅ ብቻ አይበቃም፣ አዲስ መግዛትም መቆም አለበት አለ፤ ግዢው መቀባት የሚሰጠውን ደስታ በአቋራጭ እየሰጠ ክምሩን ያሳድጋልና። 3ኛው መላሽ የራሱ ክምር ከጠያቂው እንደሚበልጥ ተናግሮ ከመሄዱ በቀር የጨመረው ነገር የለም።

4ኛው መላሽ ነገሩን ወደ ዘዴ ወሰደው። ምስሉን በሙሉ ጥቁር ፕራይመር ከረጩ በኋላ ነጩን ከላይ ወደ ታች ብቻ መርጨት፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ላይ የቀረችውን ጥቂት ነጭ ቀለም ጎላ ጎላ ባሉት ክፍሎች ላይ ማሻሸት፣ በመጨረሻም ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ቀለም አንድ ጊዜ ማልበስ። ጥላውና ብርሃኑ አስቀድሞ ስለተዘጋጀ አንዱ ቅብ የሦስት ቅብ ሥራ ይሠራል። የቀለም አምራቹ ሲታዴል ለዚሁ የሚሆኑትን ኮንትራስት የተባሉ ቀለሞች በ2019 ካወጣ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሥራው ብዛት ምክንያት የሚሆን ነገር የለም ብሎ ደመደመ። 5ኛው መላሽ አመስግኖ ሁለት እርማት አስከተለ። አንደኛ፣ ሐሳቡ ከ2019 የቀደመ ነው፤ ቀቢዎች ከዚያ በፊትም በኢንክና በዋሽ (ጎድጓዳው ውስጥ ወርዶ ጥላ የሚሰጥ ቀጭን ቀለም)፣ አንዳንዶቹም ምስሉን ቀለም ያለው ቫርኒሽ ውስጥ ነክረው በማራገፍ ተመሳሳይ ውጤት ያገኙ ነበር። ሁለተኛ፣ አርሚ ፔይንተር የተባለው ሌላ አምራች በ2022 ያወጣው ተመሳሳይ ቀለም፣ የመጀመሪያው ስፒድፔይንት፣ ከደረቀም በኋላ እርጥብ ቅብ ሲያርፍበት እንደገና እየሟሟ ከላዩ ካለው ጋር ይቀላቀል ነበር፤ በ2023 የመጣው ሁለተኛው ዓይነት ያንን ለማስተካከል የተሠራ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያዩ ከአሮጌ ክምችት መግዛት አያዋጣም። 6ኛው መላሽ ሌላ ስጋት አነሳ፦ ከ60ዎቹ ከፊሉ በቀድሞው ዘዴ ተጀምሮ ሳለ ቀሪውን በአዲስ ዘዴ መቀባት አንዱን ጦር ሁለት ጦር ያስመስለዋል።

ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ሦስቱም ጥያቄውን ስተውታል። ጠያቂው የቸገረው የሥራው ፍጥነት አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ጨርሶ የማይቀመጥ ሰው ምንም ፈጣን ቀለም ቢሰጠው አይጠቀምበትም። በእንዲህ ዓይነት ውይይት ላይ ዘዴ ቶሎ የሚቀርበው ለመጻፍ ስለሚቀልና ጸሐፊውን አዋቂ ስለሚያሰኝ ይመስለኛል።

7ኛው መላሽ ማሳሰቢያውን እያወቀ ጣሰው፤ አነጋገሩም ሻከር ያለ ነበር። ያልተቀባ ጦር ንቀት ነው የሚለው እምነት ራሱ በሽታው ነው አለ። የዘመናዊው የጦር ጨዋታ አባት የሚባለው የፕሩሲያ መኮንኖች ጨዋታ በ1812 ሲጀመር ሁለት ቀለም ባላቸው ጥርቦች ብቻ ይካሄድ እንደነበርና ማንም መኮንን ተጋጣሚውን ፊት ስላልሣለ ከስሶት እንደማያውቅ ጠቀሰ። 8ኛው መላሽ ቀዝቀዝ ባለ ቃል አረመው። በ1812 አባትየው ፎን ራይስቪትስ ለንጉሡ ያቀረበው፣ መልክዓ ምድሩ በተለያዩ ሰሌዳዎች እየተገጣጠመ የሚሠራ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ በካርታ ላይ በቀይና በሰማያዊ የብረት ጥርቦች የሚካሄደውን፣ በሠራዊቱም ዘንድ የተስፋፋውን ያዘጋጀው ልጅየው ሲሆን ዘመኑም 1824 ነው። ይኸው መላሽ ቀጥሎ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ደንብ ሲያሳትም፣ ወታደሮቹ ከፋብሪካ ተቀብተው የሚሸጡ እንደነበሩ አስታወሰ። ተጫዋቹ ቀቢም መሆን አለበት የሚለው ግዴታ እንግዲህ ከጨዋታው ጋር አብሮ አልተወለደም። ክሩ ከጥያቄው ቢርቅም ከዚህ እርማት ሁለት ነገር ተምሬያለሁና አልተከፋሁበትም።

9ኛው መላሽ ታሪኩን ወደ ጎን ትቶ አሁን ያለውን ደንብ አቀረበ። ዋርሃመር 40,000 በተባለው በሰፊው የሚታወቅ የጦር ጨዋታ ከ2020ው እትም ጀምሮ፣ ጦሩን በሙሉ በተወሰነው ደረጃ ቀብቶ የቀረበ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10ሩን ያገኛል፤ ስለዚህ የጠያቂው እምነት የግል ኩራት ሳይሆን ደንብ አውጪዎቹ ራሳቸው የተቀበሉት ነው። 10ኛው ምላሽ የመጣው መልሶ ከ7ኛው መላሽ ነበር። መዝናኛን ግብር ያደረገው ያ 10 ነጥብ ነው፣ ጠያቂውም የሚቀባው ስለሚወደው መሆኑ ቀርቶ እንዳይቀነስበት ሆኗል አለ። እስከዚያ ድረስ አንተ ሲባባሉ የቆዩት ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጊዜ አንቱ መባባል ጀመሩ፤ በክብር እንዳልነበረ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ጭቅጭቅ መካከል የገባው 11ኛው ምላሽ ከአንድ መስመር አይበልጥም። መላሹ ጠያቂውን የጠየቀው እጁ የሚቆመው የትኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደሆነ ነው፦ ሲገጣጥም፣ ፕራይመር ሲረጭ፣ መነሻውን ቅብ ሲያለብስ፣ ጥላ ሲሰጥ፣ ወይስ ከምስሉ እግር ሥር ያለውን መቆሚያ ሲያስጌጥ? ማንም አላስተዋለውም፤ ለጊዜው ሁሉም አልፎት ሄደ። በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ምላሽ እሱ ነው፤ ፍላጎት ማጣትን የሰውየው ጠባይ ከማድረግ ይልቅ በሥራው ሂደት ውስጥ ቦታ ያለው ነገር አድርጎ ያየው የመጀመሪያው ሰው ነውና።

12ኛው መላሽ ለሌሎች በክፍያ የሚቀባ ሰው ነበር። ደንበኛ ከያዘ ወዲህ ለራሱ አንድ ምስል እንኳ መጨረስ እንዳቃተው፣ የሰው ጦር ግን በቀጠሮው እንደሚያስረክብ ገለጸ። 13ኛው ለዚህ ማስረጃ አለኝ ብሎ ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት በ1973 ያሳተሙትን ጥናት ጠቀሰ፦ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት በመሣላቸው ሲሸለሙ፣ በኋላ ሽልማት በሌለበት በራሳቸው ፈቃድ የሚሥሉበት ጊዜ ቀነሰ። ስለዚህ ሽልማት ፍላጎትን ይገድላል አለ። 14ኛው መላሽ እዚህ ላይ አስፈላጊ እርማት አደረገ። ሕፃናቱ በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር፤ ፍላጎታቸው የቀነሰው ትሸለማላችሁ ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው ብቻ ናቸው። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ምንም ካልተሸለሙት የተለየ ነገር አልታየባቸውም። እንግዲህ የሚጎዳው ሽልማቱ ራሱ ሳይሆን ሥራውን ለሽልማቱ ሲሉ መሥራት ነው። 9ኛውና 7ኛው መላሾች የተጣሉበት 10 ነጥብ አስቀድሞ የሚታወቅ ሽልማት መሆኑን ከዚህ ጋር ያያዘው ሰው አለመኖሩ ገረመኝ፤ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይገናኙ ቀሩ። የ7ኛው መላሽ አነጋገር ባይሻክር ኖሮ ምናልባት የሚያገናኛቸው ሰው ይገኝ ነበር።

15ኛው መላሽ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ ጠያቂውን ልጄ እያሉ ጻፉለት። እሳቸውም ፍላጎታቸው የጠፋ መስሏቸው ምስሎቻቸውን ሸጠው ሊጨርሱ ነበር። ኋላ ግን የተረዱት ፍላጎታቸው እንደነበረ መሆኑንና የደከመው ዓይናቸው እንደሆነ ነው። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የዓይን ሌንስ ቅርብ ያለውን ነገር ለማጥራት እየከበደው ይሄዳል፤ ቁመቱ 28 ሚሊሜትር የሆነ ምስል ደግሞ ፊቱ ከጥራጥሬ ስለማይበልጥ ችግሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ሰውየው ሳያውቀው ዓይኑን ያጨነቁራል፣ አንገቱን ያቀረቅራል፣ ግንባሩን ያመዋል፤ አእምሮው ያንን ሕመም ከብሩሹ ጋር ያያይዘውና ደስ አይለኝም ይላል። የማንበቢያ መነጽርና ራስ ላይ የሚታሰር ማጉያ ነገሩን ፈቱላቸው። 16ኛው አመስግኖ መብራትን ጨመረ፦ የመብራቱ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ (CRI) ከ90 በላይ ከሆነ ቀዩና ቡናማው ይለያሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ማታ የተቀባው ቀን ሲያዩት ሌላ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ምላሾች ለጠያቂው ባይሆኑም ለብዙ አንባቢ የሚጠቅሙ ናቸው፤ እኔም እንዳነበብኩ መብራቴን ፈትሻለሁ።

ከ17ኛው እስከ 19ኛው ያለው ጥሩ አልሄደም። 17ኛው መላሽ የጠፋው የመቀባት ፍላጎት ብቻ ከሆነ አያሳስብም፣ ከዚህ በፊት ያስደስት የነበረው ነገር ሁሉ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ጣዕም ካጣ ግን ባለሙያ ማማከር ይገባል ሲል በጥንቃቄ ጻፈ። 18ኛው በዚህ ተቆጣ፤ በትርፍ ጊዜ ሥራ መሰልቸትን ሁሉ ሕመም ማድረግ የዘመኑ ፋሽን ነው ብሎ 17ኛውን አሾፈበት። 19ኛው መላሽ ጣልቃ ገብቶ፣ 17ኛው የጻፈው በቅድመ ሁኔታ እንደነበረና ጠያቂውም መጫወትና መግዛት አሁንም እንደሚያስደስተው ከመነሻው መናገሩን አስታውሶ፣ ሁለቱም ጽሑፉን እንደገና እንዲያነቡ ጠየቀ። 18ኛው ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ጠያቂው 20ኛውን ምላሽ ይዞ ተመለሰ። ለ11ኛው ጥያቄ የመለሰው እሱ ብቻ ነው፤ ረጅም ጊዜ እንዳሰበበትም ከአጻጻፉ ይታወቃል። መገጣጠሙን ይወደዋል፣ ፕራይመር መርጨቱም አይከብደውም፣ የመጀመሪያዎቹንም ቀለሞች በደስታ ያለብሳል። የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ መነሻ ቀለማቱ ሁሉ አልቀው ዋሹ ገና ሳይደርስ። በዚያ ደረጃ አንዱን ወታደር አንስቶ መብራት ሥር ሲያየው የራስ ቁሩ ብርማ ቀለም ጉንጩን ነክቷል፣ የቀበቶው ቡናማ ወደ ሱሪው አልፏል፣ ጥሩሩ አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ቀለበቶቹ አይታዩም፣ ፊቱም ዓይን የሌለው ሮዝ ነገር ነው። ስህተቱን ለማረም ብሩሽ ያነሳል፤ አንዱን ሲያርም ሌላውን ያበላሻል፤ ከዚያ ቀሪዎቹ 59 ትዝ ይሉትና ብሩሹን ያጥባል። ፍላጎቴ ጠፋ ያለው ይህንን ነበር።

21ኛው መላሽ የጻፈው ከክሩ ሁሉ የረዘመ ሲሆን ርዝመቱም የሚገባው ነበር። ይህ ደረጃ በማንም እጅ አስቀያሚ ነው አለ፤ ብዙ ሰው ምስሎቹን ጥሎ የሚሄደውም እዚሁ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከፍተኛው ድካም አልፎ ውበቱ ገና አልመጣም። ስለዚህ ሁለት ነገር መከረ። የመጀመሪያው፣ ከዋሹ በፊት ምንም እርማት አለማድረግ። ጥቁር ቡናማው ዋሽ ጥሩሩ ላይ ሲያርፍ በቀለበቶቹ መካከል ወርዶ ይቀመጣል፣ የቀለበቶቹ ጀርባ ብረታቸውን እንደያዙ ብቅ ይላሉ፤ በቁሩና በጉንጩ መካከል ደግሞ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራና ቀለሙ ያልፈሰሰ ያህል ድንበሩን ያጠራዋል። እርማት ሊደረግባቸው ከታሰቡት ስህተቶች አብዛኞቹ ያን ጊዜ አይታዩም። ዋሹ በአንድ ቦታ ከተጠራቀመ ግን ሳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ጫፍ መምጠጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዳር ዳሩ ላይ ክብ እድፍ ትቶ ይደርቃል። ሁለተኛው ምክር፣ 60ዎቹን እኩል እያራመዱ ከመሄድ አንዱን ብቻ ነጥሎ እስከ መቆሚያው ድረስ መጨረስና ከሌሎቹ ፊት ማቆም ነው። ያ አንዱ ሲታይ ቀሪዎቹ ምን እንደሚሆኑ በግምት ሳይሆን በዓይን ይታወቃል።

22ኛው መላሽ በዋሹ ተስማምቶ በሁለተኛው ምክር ላይ ተከራከረ። አንድ በአንድ መጨረስ በእያንዳንዱ ቀለም ጠርሙስ መክፈትና ብሩሽ ማጠብ ስለሚያበዛ 60 ምስል በዚያ መንገድ አያልቅም፤ አምስት አምስት እያደረጉ መሄድ ይሻላል፤ ደግሞም በጨዋታ ላይ ምስሉ የሚታየው በአንድ ሜትር ርቀት እንጂ መብራት ሥር ተይዞ አይደለም አለ። ስለ ጊዜው ያነሳው ሙግት የሚያስኬድ ነው። እኔ ግን ከ21ኛው ጋር ነኝ። 22ኛው መላሽ የቆጠረው የሥራ ሰዓት ነው፤ ጠያቂውን ያቆመው የሰዓት እጥረት አለመሆኑን 20ኛው ምላሽ በግልጽ ተናግሯል። አምስት አምስቱ ከመጀመሪያው አንድ በኋላ ቢመጣ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሁለቱ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ ኖሮ የሚከራከሩበት አይኖራቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ክሩ ወደ ሌላ ዞረ። 23ኛው መላሽ ብዙ እርማት የተደራረበባቸውን፣ ቀለሙ ወፍሮ የምስሉን ቅርጽ የሸፈነባቸውን ጥቂቶቹን አጥቦ እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል ብሎ፣ ለዚህም አሴቶን ውስጥ መዘፍዘፍን መከረ። 24ኛው በአራት ነጥብ ሳይሆን በቃለ አጋኖ ተሞልቶ መጣ። አሴቶን ለብረት ምስል ይሆናል፤ ፖሊስታይሪን የሆነውን ፕላስቲክ ግን ያሟሟዋል፣ ሰውየውም በማግሥቱ ከሣህኑ የሚያወጣው ወታደር አይኖረውም፤ ሳያውቁ መምከር ከዝምታ የከፋ ነው አለ። ቁጣው ቢበዛም ነገሩ እውነት ነው። ለፕላስቲክ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አቆይቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ እንደሚበቃ፣ ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት እንደሚገባ፣ እሳትም እንዳይቀርበው ጨመረ። 25ኛው መላሽ ምስሉ ሬዚን (በቅርጽ ማውጫ የሚፈስስ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) ከሆነስ ሲል ጠየቀ፤ 24ኛውም በዚህ ጊዜ ረጋ ብሎ፣ አንዳንድ ሬዚን አልኮል ውስጥ ከቆየ ስለሚለሰልስ፣ መጀመሪያ ምስሉ ተያይዞበት ከመጣው ክፈፍ የተረፈ ቁራጭ ወይም የማይፈለግ አንድ ምስል ላይ ለአጭር ጊዜ መሞከር እንደሚሻል እዚያው ምላሹ ሥር አክሎለታል።